ጎል ብቻ አትቁጠሩ፦ ስለ ፉቲ ወጣት አጥቂዎች

(ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፣ ከፊት ወንበር አለ።

ዛሬ ስለ ፉቲ፣ ማለትም ስለ አውስትራሊያ እግር ኳስ ነው የማወራው። ስለ ጠቅላላው ፉቲ ሳይሆን ስለ አጥቂዎች፣ ከአጥቂዎችም ስለ ወጣቶቹ። እዚህ ሰፈር ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ የሚያውቀው ክርክር አለ። አንዱ ልጅ ስልኩን ይዞ ይመጣና "ይሄኛው በዚህ ያህል ጨዋታ ይህን ያህል ጎል አለው፣ ያኛው የለውም፣ አለቀ" ይላል። ወንድሙ ደግሞ "ያኛው እኮ የድራፍት ቁጥር አንድ ነው!" ብሎ ይነሳበታል። ቡናው ሳይፈላ ቤቱ ይፈላል። እኔ ሁለቱም መለኪያቸው ደካማ ነው ባይ ነኝ። ወጣት አጥቂን በጎል ብዛት መመዘን ከባድ ነው፣ በድራፍት ቁጥር መመዘን ደግሞ የባሰ ነው። ለምን እንደሆነ በስም እየጠራሁ ላሳያችሁ።

በቅድሚያ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ስል ሕጉን በአጭሩ ልበል፤ የምታውቁት ታገሱኝ። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ከኛ ኳስ ሜዳ በጣም ይሰፋል። በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። ጫፍና ጫፉ ላይ አራት አራት ቋሚ አለ። በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በእግር መትተህ ካሳለፍክ ጎል ነው፣ 6 ነጥብ። በጎንና በጎን በኩል ካለፈ ቢሃይንድ ይባላል፣ 1 ነጥብ ብቻ። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። ይህን ልብ በሉ፣ ምክንያቱም አጥቂው ቀኑን ሙሉ ጎሉ ፊት ቢቆም ማንም አይከለክለውም፤ ተከላካዩም እንደ ጥላ ይከተለዋል። ሌላው ማርክ ነው። ቢያንስ 15 ሜትር የተመታ ኳስ መሬት ሳይነካ በእጅህ ከያዝክ ጨዋታው ላንተ ይቆማል። ወደ ጎል የምትመታ ከሆነ 30 ሰከንድ ይሰጥሃል። የረጅሙ አጥቂ እንጀራ ይሄ ነው፦ ዘሎ መያዝ፣ ከዚያ ተረጋግቶ መምታት።

በቃ፣ ሕጉ ይበቃል። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ከ2020 ድራፍት ልጀምር፤ ለንጽጽር ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ድራፍት ማለት ክለቦች አዳዲስ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ነው፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። በዚያ ዓመት ሦስት ረጃጅም አጥቂዎች ከመጀመሪያዎቹ አራት ቦታዎች ሦስቱን ያዙ። ጀማራ ኡግል-ሄገን ቁጥር 1 ወጣና እዚሁ ወደ ጎረቤታችን ወደ ዌስተርን ቡልዶግስ ገባ። ራይሊ ቲልቶርፕ ቁጥር 2፣ ወደ አደሌድ። ሎጋን ማክዶናልድ ቁጥር 4፣ ወደ ሲድኒ። ሦስቱም እኩዮች፣ ሦስቱም ረጃጅም፣ ሥራቸውም አንድ ዓይነት።

ግን ያን ዓመት አስታውሱት። 2020 ነው፣ ኮቪድ። ሜልቦርን ተዘግታ ነበር፤ ማናችንም አንረሳውም። የቪክቶሪያ የታዳጊዎች ሊግ ጭራሽ አልተካሄደም። ስለዚህ ጀማራ በተመረጠበት ዓመት ሜዳ ላይ አልታየም፤ መልማዮቹ ያዩት 2019 ላይ፣ ከዓመት በፊት የነበረውን ልጅ ነው። ቲልቶርፕ በአደሌድ፣ ማክዶናልድ በፐርዝ፣ በየግዛታቸው ሊግ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ይጫወቱ ነበር። አንዱ በትዝታ፣ ሁለቱ በዓይን ተመዘኑ። "ቁጥር አንድ ነው እኮ" የሚል ልጅ ይህን ይወቅ።

ቀጥሎ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን እንይ። ማክዶናልድ ገና በ2021 መክፈቻ ብሪዝበን ላይ ሦስት ጎል አገባ። ሰው ተንጫጫ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቲልቶርፕ ሆውቶርን ላይ በመጀመሪያ ጨዋታው አምስት አገባ። አምስት! ያኔ የጎል ቆጣሪው ልጅ ቢጠየቅ ውሳኔው በአንድ ቀን አልቋል። ከዚያስ? ቲልቶርፕ ለዓመታት ከቡድኑ ይገባል ይወጣል፣ ወደ ታች ሊግ ይወርዳል፣ አንዳንዴ አጥቂ አንዳንዴ ራክ ይሆናል፤ ራክ ማለት ዳኛው ኳሱን ሲያነሳ የሚዘለው ረጅሙ ሰውዬ ነው። በ2024 ደግሞ ጉልበቱ ተጎድቶ ግማሹን ዓመት አጣው። "ቁጥር ሁለት የወጣው ለዚህ ነው እንዴ?" ያለው ሰው ብዙ ነበር። 2025 ሲመጣ ያው ልጅ የአገሪቱ ምርጥ አጥቂዎች ተርታ ገባ፣ ኦል-አውስትራሊያን በሚባለው የዓመቱ ምርጦች ቡድን ውስጥም ተመረጠ፣ አደሌድም የመደበኛውን ዙር አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። (ከዚያ ሁለቱንም የፍጻሜ ዙር ጨዋታ ተሸንፈው ወጡ። የአደሌድ ደጋፊ ካለ ይቅርታ።)

ጀማራ መንገዱ ሌላ ነው። ጀማራ የአገሬው ተወላጅ ልጅ ነው፤ በ2023 ከተመልካች የዘረኝነት ስድብ ደረሰበት። በሳምንቱ ብሪዝበንን ሲገጥሙ ጎል አገባና ማሊያውን ወደ ላይ ሰብስቦ በጣቱ ቆዳውን አሳየ። ኒኪ ዊንማር በ1993 ያደረገውን ነው ያደረገው። በዚያ ጨዋታ አምስት ጎል አስቆጠረ፣ ቡልዶግስም አሸነፉ። እኔ ይህን እንደ ጎል ቁጥር አላየውም። አንድ የ20 ዓመት ልጅ እንዲህ ዓይነት ሳምንት አሳልፎ ሜዳ ላይ እንደዚያ መቆሙ ስለ ልጁ ብዙ ይናገራል፣ ከዚህ ክፍል ውስጥ ደግሞ ለማን እንደሚገባው ማስረዳት አያስፈልገኝም። በ2025 ግን አንድም የኤኤፍኤል፣ የዋናው ሊግ፣ ጨዋታ አላደረገም፣ በዓመቱ መጨረሻም ወደ ጎልድ ኮስት ሄደ። ስለ ግል ሕይወቱ እኔ የምለው የለኝም። ተሰጥኦው የትም አልሄደም፤ ጥያቄው ሜዳ ላይ በተከታታይ መገኘቱ ነው።

ማክዶናልድስ? ሲድኒ ሲገባ ማን አጠገብ እንደተሰለፈ አስቡት፦ ታላቁ አጥቂ ላንስ ፍራንክሊን። ይህ ዕድልም ፈተናም ነው። ዕድልነቱ የተጋጣሚው ምርጥ ተከላካይ ፍራንክሊንን ስለሚይዝ ነው። ፈተናነቱ ደግሞ ኳሱም ፍራንክሊንን ፈልጎ መሄዱ። ኋላ ላይ የቁርጭምጭሚት ጉዳት ገተረው። ከሦስቱ በጣም ዝም ያለው እሱ ነው፤ ለመናቅ ግን አትቸኩሉ።

እንግዲህ በጎል አይመዘን ካልኩ በምን ይመዘን? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከፉትስክሬይ ባቡር ይዛችሁ ሳዘርን ክሮስ ውረዱ፣ በእግር ተሻገሩ፣ ማርቭል ስታዲየም ናችሁ። ከጎሉ ጀርባ ተቀመጡ። ከዚያ ኳሱን አትዩ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓይን በራሱ ኳሱን ይከተላል። አንዱን ረጅም አጥቂ ብቻ እዩ። ቴሌቪዥን ይህን አያሳያችሁም፣ ካሜራው ሁልጊዜ ኳሱ ዘንድ ነው።

ኳሱ መሃል ሜዳ ላይ እያለ ጎበዙ አጥቂ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኳሱ አይደለም። ወደ ኋላ፣ ወደ ጎሉ ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄዳል። ተከላካዩ ይከተላል፣ መከተል አለበት። ተከላካዩ ክብደቱን ወደ ኋላ ሲጥል አጥቂው በድንገት ይዞርና ወደ ኳሱ ይተኮሳል። ይህን ሩጫ ሊድ ይሉታል። ሰዓቱ ልክ ከሆነ መሃል ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ቀና ሲል የሚያየው ባዶ ሣርና የራሱን ሰው ነው። ሰዓቱ ካልተገጣጠመ፣ ትንሽ ቢፈጥን ወይም ትንሽ ቢዘገይ፣ ያ ሁሉ ሩጫ በከንቱ ነው፤ ይመለስና እንደገና ይጀምራል። በአንድ ሩብ ይህን ስንት ጊዜ ይደጋግመዋል? ኳሱን ሳያገኝ ይደጋግመዋል? ወይስ ሁለቴ ችላ ሲሉት እጁን ዘርግቶ ጓደኞቹ ላይ ይነጫነጫል? እኔ ወጣት አጥቂ ሳይ መጀመሪያ የማየው ይህችን ነው።

ሁለተኛው ነገር ኳሱ መጥፎ ሆኖ ሲመጣ ነው። ብዙ ጊዜም መጥፎ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከፍ ብሎ፣ ተንጠልጥሎ፣ ሦስት ተከላካይ እስኪደርስ ጊዜ የሚሰጥ ኳስ። ማርክ ማድረግ አይቻልም። ያኔ የአጥቂው ሥራ ተጋጣሚም እንዳይይዘው ማድረግ ነው፦ በቡጢም ይሁን በደረት ኳሱን መሬት ማውረድ። ከወረደ በኋላ ትንንሾቹ አጥቂዎች ይለቅሙታል። ጎሉ የሚጻፈው በለቃሚው ስም ነው። ረጅሙ ልጅ በስልካችሁ ላይ ዜሮ ሆኖ ይወጣል፣ አሰልጣኙ ግን ማታ ቪዲዮውን ሲያይ "ይሄን ልጅ አላወጣውም" ይላል።

ሦስተኛው የቆመ ምት ነው። ማርክ አድርጓል፣ 30 ሰከንዱ እየቆጠረ ነው፣ ከጎሉ ጀርባ ያለው የተጋጣሚ ደጋፊ እጁን እያወናጨፈ ይጮሃል። ብዙ ሰው እግሩን ያያል። እጁን እዩ። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እግሩ አይደለም፣ ኳሱን ከእጁ የሚለቅበት መንገድ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ ቀጥ ብሎ ካልወረደ እግር ላይ ያዘነብላል፣ ካዘነበለ አለቀለት። ንፋስ ካለ ደግሞ ይብሳል። እዚሁ በቡልዶግስ ሜዳ፣ በዊተን ኦቫል የነበረውን ንፋስ የድሮ የቡልዶግስ ደጋፊዎች እስከዛሬ ያወሩታል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ ማክስ ኪንግ ነው። ማክስና ቤን ኪንግ መንትዮች ናቸው፣ በ2018 ድራፍት ማክስ ቁጥር 4 ወጥቶ ሴንት ኪልዳ፣ ቤን ቁጥር 6 ወጥቶ ጎልድ ኮስት ገቡ። አንድ እናት፣ አንድ ቁመት፣ አንድ አስተዳደግ። ማክስ በ2022 ብሪዝበን ላይ በአንድ ጨዋታ ዜሮ ጎልና አምስት ቢሃይንድ መታ። አምስት ጊዜ ዕድል ለማግኘት እኮ ስንት መልካም ነገር መሥራት ያስፈልጋል! ሁሉንም ሠራ፣ መጨረሻዋን አጣት፤ በማግስቱ የተጻፈበትን ባታዩት ይሻላል። ቤን በዚያው ዓመት ጉልበቱ ተበጥሶ አንድም ጨዋታ አላደረገም። ዛሬ ላይ ቤን የጎልድ ኮስት ዋና ጨራሽ ሆኖ ሳለ ማክስ ከትከሻና ከጉልበት ጉዳት ጋር ሲታገል ቆይቷል። ማን ይበልጣል? በ2022 ስትጠይቁኝና ዛሬ ስትጠይቁኝ መልሱ አንድ አይሆንም።

አሁን ስለ ድራፍት ቁጥር።

በ2011፣ በ2013 እና በ2014 ቁጥር 1 የተመረጡት ሦስቱም ረጃጅም አጥቂዎች ነበሩ። ጆናቶን ፓተን፣ ቶም ቦይድ፣ ፓዲ ማካርቲን። ፓተንን ጉልበቱ ደጋግሞ ጣለው። ማካርቲን ጭንቅላቱ ላይ በደረሰ ተደጋጋሚ ምት ሴንት ኪልዳን ለቀቀ፤ በኋላ ሲድኒ ሄዶ ከወንድሙ ጋር በተከላካይነት ተጫወተ፣ እዚያም ያው ችግር ተመለሰበትና አቆመ። ከማካርቲን ቀጥሎ ቁጥር 2 የወጣው ክርስቲያን ፔትራካ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከሊጉ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ።

የቦይድ ግን ለዚህ ሰፈር የራሱ ታሪክ ስለሆነ ቆም ልበልበት። በጃያንትስ አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ በ2014 መጨረሻ ወደ ቡልዶግስ መጣ። በምትኩ ወደ ጃያንትስ የሄደው ካፒቴናችን ራያን ግሪፈን ነበር። ውሉ የሰባት ዓመት፣ ገንዘቡ ደግሞ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው ተብሎ ተወራ። ልጁ ገና 19 ዓመቱ ነው። ከዚያ ጀምሮ አንድ ኳስ በጣለ ቁጥር የሚሰማው ያቺን ሚሊዮን ነው። ከዚያ የ2016 ግራንድ ፋይናል፣ የዋንጫው ጨዋታ። ቡልዶግስ ከ1954 ወዲህ ዋንጫ አይተው አያውቁም። አራተኛው ሩብ፣ ሲድኒ እየተጠጋ ነው። ዴል ሞሪስ ፍራንክሊንን ከኋላ ደርሶ ይጥለዋል፣ ኳሱ ይፈናጠራል፣ ቦይድ ያነሳውና ከ50 ሜትሩ መስመር ውጪ ሆኖ ይመታል። ኳሱ ጎሉ አካባቢ መሬት ነጥሮ፣ ማንም ሳይነካው ገባ። የዚያን ማታ ባርክሊ ጎዳና ላይ የነበራችሁ ትመሰክራላችሁ። ቦይድ በዚያ ቀን ሦስት ጎል አገባ። በ2019 ደግሞ በ23 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ፤ ስለ ድባቴና እንቅልፍ ማጣት በኋላ ራሱ በግልጽ ተናግሯል።

እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ልጅ ተሳካለት ወይስ አልተሳካለትም? ጎል ከቆጠራችሁ ትንሽ ነው። ዋንጫውን ሲጠብቁ የኖሩ አዛውንቶችን ከጠየቃችሁ ግን ሐውልት ይሠራለት ይላሉ። እኔ በግሌ ከአዛውንቶቹ ጋር ነኝ።

በተቃራኒው ያለው ፍራንክሊን ራሱ ነው። በ2004 ቁጥር 1 ብሬት ዴሌዲዮ፣ 2 ጃሪድ ራፍሄድ፣ 3 ያው ቅድም ያልነው ራያን ግሪፈን፣ 4 ሪቻርድ ታምብሊንግ፣ 5 ፍራንክሊን። ሪችመንድ በቁጥር 1 እና በቁጥር 4 ሁለት ጊዜ ዕድሉን አግኝቶ ሁለቴም አለፈው። በ2008 ፍራንክሊን በአንድ ዓመት 113 ጎል አገባ። ሲያቆም 1066 ጎል ነበረው። የሪችመንድ ደጋፊ ጓደኛ ካላችሁ ይህን አታንሱበት፣ ጓደኝነት ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ ዛሬዎቹ ልጆች። የማይነጻጸሩትን በመለየት ልጀምር። የቡልዶጉ ሳም ዳርሲ ቁመቱ 208 ሴንቲሜትር ነው። የሆውቶርኑ ኒክ ዋትሰን 170። ሁለቱም አጥቂ ይባላሉ። የጣሪያውን ሥራ ከመሠረቱ ሥራ ጋር እንደማወዳደር ነው፤ ቤቱ ሁለቱንም ይፈልጋል። ዋትሰን ኳስ መሬት ስትወድቅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ "ዊዛርድ"፣ አስማተኛ፣ ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ትንንሽ አጥቂዎች ቶሎ ይደርሳሉ፣ በ19 በ20 ዓመታቸው ይታያሉ። ረጃጅሞቹ ግን ሰውነታቸው እስኪሞላ ድረስ 95 ኪሎ የሚመዝን የ30 ዓመት ተከላካይ እንደ ሕፃን ይገፋቸዋል። ስለዚህ ልጆች፣ ዋትሰንን ከዳርሲ ጋር በጎል አታወዳድሩ። በቃ።

ዳርሲ የሦስተኛ ትውልድ ቡልዶግ ነው። አያቱ ዴቪድ፣ አባቱ ሉክ፣ ሁለቱም ለዚህ ክለብ ተጫውተዋል። አባት ለክለቡ 100 ጨዋታ ካደረገ ክለቡ ልጁን የመውሰድ ቅድሚያ አለው፤ በዚህ ሕግ በ2021 ቁጥር 2 ሆኖ ተወሰደ። መጀመሪያ እግሩ ተጎዳ፣ በ2022 ነሐሴ ላይ ነው የመጀመሪያ ጨዋታውን ያገኘው። የሚገርመኝ ቁመቱ አይደለም፤ ረጅም ሰው ሞልቷል። የሚገርመኝ ኳስ ወድቃ ጎንበስ ሲል ነው። 208 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው ከመሬት ኳስ አንስቶ ዞሮ መምታት የለበትም፤ እሱ ግን ያደርገዋል። ጎኑ ደግሞ አሮን ናውተን አለ፤ ናውተን በተከላካይነት ተመርጦ መጥቶ አጥቂ የሆነ ነው። ሁለቱ አብረው ሲዘሉ ተጋጣሚ ምርጥ ተከላካዩን ማን ላይ እንደሚያደርግ ይቸግረዋል።

ይህ ነገር፣ ጎን ያለው ሰው ማለቴ ነው፣ በጣም ነው የሚረሳው። አሮን ካድማን በ2022 ቁጥር 1 ሆኖ ጃያንትስ ገባ፣ ክለቡ ያንን ቁጥር ለማግኘት አራት ክለቦች የተሳተፉበት ልውውጥ ነው ያደረገው። ካድማን የሚጫወተው ከጄሲ ሆጋን አጠገብ ነው። ትልቁን ተከላካይ ሆጋን ይሸከምለታል። ሆጋንን ደግሞ ታስታውሳላችሁ? በ2015 የዓመቱ ምርጥ ወጣት ተብሎ ተሸለመ፣ በ2017 ካንሰር ታመመ፣ ከሜልቦርን ክለብ ወደ ፍሪማንትል፣ ከፍሪማንትል ወደ ጃያንትስ ተንከራተተ። "አለቀለት" ተባለ። በ2024፣ በ29 ዓመቱ፣ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ የኮልማን ሜዳሊያ ወሰደ። አጥቂ መቼ እንደሚበስል እንዲህ ነው፤ ቀጠሮ አይሰጥም።

በፐርዙ ክለብ በፍሪማንትል ውስጥ ጃይ ኤሚስ ነበር የሁሉ ዓይን። በ2021 ቁጥር 8 ወጣ፣ በ2023 በ41 ጎል የክለቡን ቀዳሚነት ያዘ። ጎኑ ያለው ጆሽ ትሬሲ ደግሞ በዋናው ድራፍት ማንም ያልጠራው፣ በሩኪ ድራፍት፣ በትርፍ ቦታ የገባ ልጅ ነው። ዛሬ ፐርዝ ሄዳችሁ ለአንድ ወሳኝ ኳስ ማን ይዝለል ብትሉ "ትሬሲ" የሚሏችሁ ይበዛሉ። ኤሚስ ደክሞ አይደለም። ትሬሲ ግንባሩን የሚሰጥ፣ ሲጋፉት የማይበረግግ ሆኖ ነው።

ሎጋን ሞሪስን ሳልጠራ ባልፍ የሰፈራችሁ ልጆች አይለቁኝም። ሞሪስ የዌስተርን ጄትስ ልጅ ነው፤ ጄትስ ማለት የዚህ የምዕራብ ሜልቦርን ታዳጊዎች የሚሰለፉበት ቡድን ነው። በ2023 ቁጥር 31 ሆኖ ብሪዝበን ወሰደው። ከፊቱ 30 ልጅ ተጠርቷል። በ2024 ዋንጫ፣ በ2025 ዋንጫ። 21 ዓመት ሳይሞላው ሁለት! ጆ ዳኒሀር ከ2024 ዋንጫ በኋላ ጫማ ሲሰቅል ትልቁ ሥራ እሱ ላይ ወደቀ፣ ተሸከመው። እርግጥ ነው ኳስ የሚያቀብሉት የብሪዝበን አማካዮች ናቸው፤ ይህም ይቆጠር። መጥፎ ቡድን ውስጥ ቢሆን በሳምንት ሦስት ጥሩ ኳስ አያገኝም ነበር። ግን ሊዱን እዩት፤ ከላይ ያልኩትን የሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ነገር በመጽሐፍ እንደተጻፈ ነው የሚሠራው።

አንድ እናት "ታዲያ የኛ ልጆች?" ብለው ጠየቁኝ፣ ጥያቄው እዚህ ጋ ስለሚገባ አሁኑኑ ልመልስ፣ እናቴ።

ከኛ አካባቢ የመጡ አሉ። መንገዱን የከፈተው ማጃክ ዳው ነው፣ ሱዳን ተወልዶ በኤኤፍኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው፣ በ2013 ለኖርዝ ሜልቦርን። እስከ 2025 ለሆውቶርን የተጫወተው ቻንግኩዎት ጂያት፣ ሲጄ የሚሉት፣ ከደቡብ ሱዳን ወላጆች ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ነው። እሱ ግን ተከላካይ ነው። ማክ አንድሪው ግብጽ ተወለደ፣ በ2021 ቁጥር 5 ወጥቶ ጎልድ ኮስት ገባ፤ እሱም በዋናነት ተከላካይ ነው፣ ግን በ2024 ወደ ፊት ልከውት ኤሰንደን ላይ የማሸነፊያዋን ጎል ደወሉ ከተደወለ በኋላ መትቶ አስገብቷል።

ኔክስት ጀነሬሽን አካዳሚ የሚባል ነገርም አለ። ለአገሬው ተወላጅ ልጆች፣ እንዲሁም ወላጃቸው አፍሪካ ወይም እስያ ለተወለደ ልጆች ክለቦች የሚያሠለጥኑበት ነው። ክለቡ ያሠለጠነውን ልጅ በድራፍት ቀን ሌላው ሲጠራው "እኛው እንወስደዋለን" ማለት ይችላል። ጀማራ ቡልዶግስ የገባው እንዲህ ነው፤ አደሌድ በቁጥር 1 ስሙን ጠራ፣ ቡልዶግስ ያዙት። ሌሎች ክለቦች በዚህ ተቆጡ፣ በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ጠበቀ፤ ማክ አንድሪው የሜልቦርን ክለብ አካዳሚ ልጅ ሆኖ ሳለ ክለቡ ሊያስቀረው ያልቻለው ለዚህ ነው። በኋላ ሕጉ እንደገና ላላ። ስለዚህ ልጅዎ ከወደደው በአቅራቢያው ያለ የሰፈር ክለብ ይውሰዱት፣ የቀረውን እነሱ ያያሉ። ሴት ልጅም ብትሆን፤ የሴቶቹ ሊግ ከ2017 ጀምሮ አለ፣ ዊተን ኦቫል ላይ በነጻነት ሲጫወቱ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ትምህርቱን ግን አያቋርጥ። የቦይድን ነገር ሰምታችኋል።

እሺ፣ ከፊት የተቀመጠው ወጣት ከጀመርኩ ጀምሮ እጁን አንስቷል። "ዝም ብለህ አንድ ምረጥ" ነው የምትለኝ አይደል?

ነገ ግጥሚያ ካለብኝ ቲልቶርፕን እመርጣለሁ። 201 ሴንቲሜትር ነው፣ ራክ ላይም ይረዳኛል፣ አራት ዓመት ሙሉ ወድቆ ተነስቶ አይቼዋለሁ፤ ኳስ ሳይመጣለት ሲቀር አይነጫነጭም። ለመጪው አሥር ዓመት ከሆነ ግን፣ እግሩና ጉልበቱ ከታገሱለት፣ ዳርሲ። የሰፈር ልጅ ስለሆነ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ስለሆነም ነው። ሞሪስን ሦስተኛ አደርገዋለሁ፣ ሁለት ዋንጫ ይዞ ሦስተኛ ማድረጌ ጭቅጭቅ እንደሚያመጣ እያወቅኩ።

"ካድማንስ?" ካድማንን ሆጋን ጫማ ሲሰቅል ጠይቀኝ። ያኔ ትልቁ ተከላካይ እሱ ላይ ይመጣል፣ አብረን ከጎሉ ጀርባ ቁጭ ብለን እናያለን። አሁን ማይኩን ለሱ ስጡት፣ እንደማይስማማ ፊቱ ላይ ይታያል።